የወሊድ ታሪክና የእናቶች የኋላ ዘመን ጤና

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናት «ስንት ወልደዋል?» ተብለው ቢጠየቁ «ስምንት ወልጄ አምስት አሳደግሁ» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ጥያቄው «ስንት ልጆች አሉዎት?» የሚል ቢሆን ግን መልሱ «አምስት» ብቻ ይሆን ነበር፤ በአካላቸው ላይ ያለፈው የሦስቱ እርግዝና ከመዝገብ ይቀራል። የሥነ ሕዝብ መጠይቆች አብረው የሚኖሩትን፣ ሌላ ቦታ ያሉትንና የሞቱትን ልጆች ለየብቻ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተፈጸመ ወሊድ ዛሬ ከሚታይ በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እርግዝና ለአካል ትልቅ ፈተና ነው። የእናትየዋ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ልብም ከወትሮው የበለጠ ይሠራል። ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ሆርሞኖች ደግሞ የኢንሱሊንን ኃይል ያዳክማሉ። አብዛኞቹ እናቶች ይህን ጫና ይቋቋሙታል። የደም ሥሮቻቸው ወይም ቆሽታቸው ድብቅ ድክመት ያለባቸው እናቶች ግን ምልክት ያሳያሉ። ምልክቱ ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም ድክመቱ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንተና እንዳመለከተው፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው የእርግዝና ደም ግፊት ሕመም የነበረባቸው ሴቶች በኋላ ዘመናቸው ለደም ግፊት የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በእርግዝና ጊዜ የስኳር በሽታ የታየባቸው ሴቶችም በኋላ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ቢያንስ በሰባት እጥፍ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው።

የወሊድ ብዛት ውጤት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና ከ30 አገሮች 47 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ እያንዳንዱ ወሊድ የጡት ካንሰርን አደጋ በ7 በመቶ፣ እያንዳንዱ የማጥባት ዓመትም በተጨማሪ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ከተገኘባቸው ሴቶች መካከል ሰባትና ከዚያ በላይ የወለዱት፣ ካልወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ ለማኅፀን በር ካንሰር ወደ አራት እጥፍ እንደሚጋለጡ አመልክቷል። ስለዚህ ስምንት ወልደው ያጠቡት እናት ከአንዱ ካንሰር በከፊል ሲጠበቁ ለሌላው ይጋለጣሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል። ብዙ የወለደች ሴት ብትታመም ምክንያቱ እርግዝናው ነው ወይስ ኑሮው? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ለዚህ ብልህ መንገድ ተጠቅሟል፤ አባቶችንም መረመረ። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ በተጨመረ በእያንዳንዱ ልጅ የልብ ሕመም ዕድል በሴቶች በ30 በመቶ፣ በወንዶችም በ12 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወንድ አያረግዝም፤ እንግዲያውስ የአደጋው ከፊል ምንጭ ልጅ የማሳደግ ኑሮ ራሱ ነው። ይህም ቢሆን የብሪታንያ አኃዝ እንዳለ ተወስዶ እንስራ አዝላ ዳገት ለምትወጣ የስማዳ እናት ሊሠራ አይችልም።

በአካባቢያችን ትልቁ ችግር የመዝገብ አለመኖር ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ 5 በመቶ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 26 በመቶ ከፍ ቢልም፣ የዛሬዎቹ አዛውንት እናቶች አብዛኞቹ የወለዱት የደም ግፊት መለኪያ በሌለበት ቤት ውስጥ ነው። ያላቸው መዝገብ ትዝታቸው ብቻ ነው። ስለሆነም የጤና ባለሙያው «በእርግዝናዎ ጊዜ ፊትና እጅዎ አብጦ ነበር? በምጥ ጊዜ አንቀጥቅጦዎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱ ብቻውን ምርመራን አይተካም፤ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት ለማን መቅደም እንዳለበት ግን ይጠቁማል። የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ ይመከራል። ለልጃገረዶች ደግሞ አገራችን በ2011 ዓ.ም. የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት መስጠት ጀምራለች።

ዛሬ በጤና ጣቢያ የምትወልድ ወጣት እናት የእርግዝና ክትትል ካርዷን ሕፃኑ ጡት ሲጥል አትጣለው። በካርዱ ላይ የሰፈረው የደም ግፊት ቁጥር ከሃያ ዓመት በኋላ የራሷን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላልና።