ማን ማን ተመረጠ?

ሳንጃ የሚኖሩትን የቅኔ መምህር ለማነጋገር የመጣችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቁጥር አልዋጥ ብሏታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ፋሺስቶች በሦስት ቀን አዲስ አበባ ውስጥ 30,000 ሰው እንደ ፈጁ የኢትዮጵያ መንግሥት አስታውቋል።

«የኔታ፣ ይኼን ሁሉ ሰው እንዴት አድርጌ ላስበው?»

«ስንት ሞተ ካልሽ በኋላ ማን ማን ተመረጠ በይ» አሉ።

«ይመርጡ ነበር እንዴ?»

«በሦስቱ ቀን ያገኙትን ሁሉ ገደሉ፤ ቤቱን ከነሰዉ አቃጠሉ። ኋላ ግን የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ረሸኑ። ከዚያ አዝማሪው፣ ጠንቋዩና ባሕታዊው ተያዘ።»

«አዝማሪ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ከገበያ ገበያ ይዞራላ! የጣሊያን ዘመን ያጥራል የሚለው ወሬና ትንቢት በእነዚህ ሰዎች አፍ አገር ያዳርስ ነበር። ግራዚያኒ ይረሸኑ ያለው ይህን ፈርቶ ነው።»

በግንቦት ተራው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ሆነ። ቦምብ ወርዋሪዎቹን አስጠግቷል በሚል ሰበብ ጄኔራል ማሌቲ ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰበውን ሕዝብ ከበበ፤ መነኮሳቱን በካሚዮን ወስዶ ላጋ ወልዴ ላይ አስረሸነ። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ቁጥር 297 መነኮሳት ነበር፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ 129 ዲያቆናት ጨመረ። ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል ሟቾቹን ከ1,500 በላይ ያደርሳቸዋል።

«ዲያቆኑም መምህሩም በአንድ ሳምንት ካለቁ፣ ዜማውን ማን ይቀበል፣ ትርጓሜውን ማን ያውጣ?» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ያ ግን ድሮ ነው።»

«ከሚያዝያ 2015 ወዲህ በመተማ የሚገባውን የሱዳን ስደተኛ አላየሽም?»

በሱዳኗ ዳርፉር፣ ኤል ጀነይና ከተማ፣ የማሳሊት ብሔረሰብ ሰዎች በዘራቸው እየተለዩ ተገድለዋል። ለጸጥታው ምክር ቤት የቀረበ ሪፖርት ሟቾቹን ከ10,000 እስከ 15,000 ይገምታል። የምዕራብ ዳርፉር አስተዳዳሪ ኻሚስ አባከር ሰኔ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የዘር ማጥፋት እየተፈጸመ ነው ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ፤ በዚያው ዕለት ተገደሉ። ጠበቆችና የመብት ተሟጋቾችም እየታደኑ ነበር።

«ሕግ የለም?»

«አለ። የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉ በፊት ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1941 ዓ.ም.። ግራዚያኒ ግን እኛ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ለፍርድ አልቀረበም። የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት የፈረደበት ከናዚ ጋር በማበሩ ነበር፤ እሱንም ከወራት በላይ አልታሰረም።»

«ታዲያ ምን ጠቀመ?»

«ደርጎችን በ1999 ዓ.ም. ያስፈረደባቸው ምንድን ነው? የገዛ ወረቀታቸውና በሕይወት የተረፈ ምስክር። ክስ ይህን ይፈልጋል።»

ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ መስመር አሰመረች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተገደለበት ቀንና ቦታ፣ ያየው ሰው።

«የተረፉት ሰዎች ስሜን አትጻፊ ካሉኝስ?»

«ትተዪዋለሽ። አስቀድመሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ የተረፈው ሰው አሁንም የሚፈራው አለ። የሟቹን ሥራና ቦታውን ግን ከፈቀዱልሽ ዛሬውኑ መዝግቢ።»