የዋሺንግተን ሐይቅ እንዴት ዳነ? የከተማ አማካሪ ኮሚቴና የሳይንስ ድርሻ

አንድ ከተማ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሐይቁ ወይም ስለ አየሩ ለመወሰን ሲነሣ ምክር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመክርም። ከባለሙያዎች፣ ከነጋዴዎች፣ ከሕግ ዐዋቂዎችና ከነዋሪዎች የተውጣጣ አማካሪ ቦርድ ወይም ኮሚቴ ያቋቁማል። እንዲህ ያለው አካል ሕግ አያወጣም፤ በጀት አይመድብም፤ ማንንም አይቀጣም። ሥልጣኑ ማጥናት፣ መጠየቅና ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነው። ታዲያ ማዘዝ የማይችል አካል የአንድን ከተማ አካባቢ ከጥፋት ለማዳን የሚረዳው በምን መንገድ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በሚገባ የተመዘገበ መልስ ከሚሰጡ ታሪኮች አንዱ፣ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሲያትል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዋሺንግተን ሐይቅ ታሪክ ነው። ታሪኩ በሐይቆች ሳይንስ ወይም በሊምኖሎጂ ትምህርት ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የኬሚስትሪው ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ክፍል፣ ማለትም የላቦራቶሪ ዕውቀት ወደ ሕዝብ ውሳኔ የተሸጋገረበት መንገድ፣ ከመጀመሪያው ያላነሰ ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይቁና በዙሪያው ያሉት ከተሞች

የዋሺንግተን ሐይቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 88 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ስፋት አለው፤ ከፍተኛ ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል። በምዕራብ ዳርቻው ሲያትል፣ በምሥራቁ ደግሞ በርካታ ትናንሽ ከተሞች ሰፍረውበታል። ሲያትል በሐይቁና ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ክንድ መካከል የተዘረጋች ከተማ ስትሆን፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያልተጣራ ፍሳሿን ወደ ሐይቁ ትለቅ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ግን ፍሳሿን ወደ ባሕሩ በማዞሯ ሐይቁ እፎይ ያለ መሰለ።

እፎይታው ብዙ አልቆየም። በ1940 ሐይቁን የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ድልድይ ተከፈተና የምሥራቁ ዳርቻ ለመኖሪያ ተፈላጊ ሆነ። እየተስፋፉ የመጡት ከተሞች የየራሳቸውን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሠሩ፤ ከ1941 እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ የጣቢያዎቹ ቁጥር አሥር ደረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጣቢያዎቹ ለዘመናቸው ጥሩ የሚባሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ማጣራት በሚባለው ዘዴ፣ ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ በልተው እንዲጨርሱት ይደረጋል። ከጣቢያው የሚወጣው ውኃ ለዓይን ጥሩ ነው፤ ሽታውም ይቀንሳል። ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ ኦርጋኒኩን ቁስ ሲሰባብሩት በውስጡ ያለው ፎስፎረስ አይጠፋም። አብዛኛው ፎስፌት ሆኖ በውኃው ውስጥ እንደሟሟ ይወጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ የሚገባው የተጣራ ፍሳሽ በቀን 76 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ደርሶ ነበር።

የፎስፎረስን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ስሌት እንሥራ። በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) አካላቸውን ሲገነቡ በአማካይ ለአንድ የፎስፎረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች ይወስዳሉ። ወደ ክብደት ሲለወጥ፣ አንድ ኪሎ ግራም ፎስፎረስ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን የያዘ ዋቅላሚ ያሳድጋል ማለት ነው። ካርቦን ከአየር ይገኛል፤ ናይትሮጅንንም አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያዎች ከአየር መውሰድ ይችላሉ። ፎስፎረስ ግን በአየር ውስጥ በጋዝ መልክ ስለማይገኝ ከአፈር፣ ከድንጋይ ወይም ከፍሳሽ መምጣት አለበት። ስለዚህ በብዙ ሐይቆች የእድገቱን ልክ የሚወስነው እርሱ ነው። ዋቅላሚው በዝቶ ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲበሰብስም የጥልቁን ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል። ሐይቅ በንጥረ ምግብ ከመጠን በላይ የሚዳብርበት ይህ ሂደት ዩትሮፊኬሽን ይባላል።

በ1955 በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ቶማስ ኤድመንድሰን የምርምር ቡድን ከሐይቁ በተቀዳ ናሙና ውስጥ ኦሲላቶሪያ ሩቤሴንስ የተባለውን ቀይማ ሳይኖባክቴሪያ አገኘ። ለአላፊ አግዳሚው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ለሊምኖሎጂ ባለሙያ ግን የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፤ ይኸው ፍጥረት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በስዊዘርላንድ የዙሪክ ሐይቅ ላይ ተከስቶ፣ የሐይቁ መበላሸት ምልክት ሆኖ ስለነበር ነው።

ኮሚቴው ምን ሠራ?

በ1956 የሲያትል ከንቲባ ጎርደን ክሊንተንና የኪንግ አውራጃ አስተዳደር፣ ከአንድ ከተማ ወሰን የሚያልፉ ችግሮችን የሚያጠና የዜጎች አማካሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው ጄምስ ኤሊስ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ኮሚቴው ከፍሳሽ በተጨማሪ ትራንስፖርትን፣ የመጠጥ ውኃን፣ መናፈሻዎችንና የመሬት አጠቃቀም ዕቅድን እንዲመለከት ተደርጎ ነበር። ኤድመንድሰን በዓመቱ መጨረሻ ለኤሊስ ደብዳቤ ጻፉ፤ በቀጣዩም ዓመት በጥያቄና መልስ መልክ የተዘጋጀ ረዘም ያለ ማብራሪያ ላኩላቸው። ሐይቁ እንዴት ተለወጠ? መዳበሩ ከቀጠለ ምን ይከተላል? ዋቅላሚውን በመርዝ መግደል ለምን አይበቃም? የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ነበሩበት። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ለማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ግልጽ ይሆናል፤ መርዙ ዋቅላሚውን ቢገድልም ፎስፎረሱን ከሐይቁ አያወጣውም። የሞተው አካል ሲበሰብስ ፎስፎረሱ እንደገና ይለቀቃል፤ መርዙም እንደገና መነስነስ ይኖርበታል።

የኮሚቴው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ሲጠየቅ፣ «ጣቢያችን በደንብ ይሠራል» ብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ መልሱም እውነት ነበር። ሐይቁ ግን የሚቀበለው የአሥሩን ጣቢያዎች ድምር ነው። ድምሩን የመጠየቅ ኃላፊነት ያለበት አንድም ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። ኮሚቴው የከተማ ወሰንን ትቶ የተፋሰሱን ወሰን በመያዙ፣ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ሐይቁ በዓመት ምን ያህል ፎስፎረስ ይሸከማል?» ወደሚለው ሊለወጥ ቻለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ክርክርን ይወልዳል፤ ሁለተኛው ሊለካ ይችላል። በእኔ አስተያየት የአማካሪ አካል ዋና ሥራ ይህ የጥያቄ ለውጥ ነው፤ የሪፖርቱ ውፍረት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ኤድመንድሰን የያዙት ጠባይም ሊጤን ይገባል። «ይህን ምረጡ» ከማለት ይልቅ «ይህ ከተደረገ ይህ ይሆናል፤ ያ ከተደረገ ያ ይሆናል» ማለትን መረጡ። ፍሳሹ ከሐይቁ ቢወጣ ፎስፎረሱ እንደሚቀንስና ውኃው እንደሚጠራ አስቀድመው በይፋ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ትንበያ ለተናጋሪው አደገኛ ነው፤ ስሕተት ከሆነ ሁሉም ያየዋል። ለመራጩ ሕዝብ ግን ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ያሳየዋል።

የኮሚቴው ሐሳብ በ1957 በክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጸድቆ፣ ሜትሮ የተባለ የጋራ ተቋም እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ተቋሙን ለመመሥረት ግን በሲያትል ውስጥም ከሲያትል ውጭም፣ በየራሳቸው፣ አብላጫ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በመጋቢት 1958 በተደረገው ምርጫ ሲያትል ስትደግፍ የውጭዎቹ አካባቢዎች ተቃወሙ፤ ሐሳቡም ወደቀ። ትናንሾቹ ከተሞች ትልቋ ከተማ ትውጠናለች ብለው መፍራታቸው የሚያስገርም አይደለም። አስተባባሪዎቹ ትራንስፖርቱንና አጠቃላዩን ዕቅድ ትተው የፍሳሹን ጉዳይ ብቻ ይዘው ተመለሱ። በመስከረም 1958 ሐሳቡ በሁለቱም ወገን አለፈ። የተተወው ትራንስፖርት ለሲያትል ብዙ ዘመን የቆየ ራስ ምታት ሆነባት፤ ሐይቁ ግን ዳነ።

ትንበያው ሲፈተን

ፍሳሹን ከሐይቁ ዙሪያ ሰብስቦ ወደ ፒዩጄት ሳውንድ የሚወስደው የቧንቧ መስመርና አዳዲሶቹ ማጣሪያዎች ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጁ። የመጀመሪያው ፍሳሽ በ1963 ከሐይቁ ተቀለበሰ፤ ሥራው በ1968 ተጠናቀቀ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለደጋፊዎቹ ቀላል አልነበረም። ሕዝቡ መክፈል ከጀመረ በኋላ ሐይቁ ይበልጥ ከፋ፤ ጋዜጦችም «የሚገማው ሐይቅ» የሚል ቅጽል አወጡለት። በ1963 የበጋ ወራት ሴኪ ዲስክ የሚባለው የውኃ ጥራት መለኪያ ሰሌዳ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ አንድ ሜትር ያህል ከሰመጠ በኋላ ከዓይን ይሰወር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በትንበያው መሠረት ነው። ኤድመንድሰን በ1970 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ በ1969 የሐይቁ የክረምት ፎስፌት መጠን ከ1963ቱ ወደ 28 በመቶ ወርዶ ነበር። ናይትሬት ግን የወረደው ወደ 80 በመቶ ብቻ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከፍ እንዳለ ቆይቷል። ዋቅላሚው የተከተለው ፎስፌቱን ነው። በዚያን ወቅት በአሜሪካ ፎስፌት ያለበት የልብስ ሳሙና ይከልከል አይከልከል የሚል ብርቱ ክርክር ነበር፤ አንዳንዶች እውነተኛው ምክንያት ካርቦን ነው ይሉ ነበር። ለአንድ ከተማ ጉዳይ የተከናወነው ሥራ ሳይታሰብ የአንድ ሐይቅ ስፋት ያለው ሙከራ ሆኖ ለዚህ ክርክር ማስረጃ አቀረበ።

በ1976 ደግሞ ማንም ያልተነበየው ነገር ተከሰተ። ዳፍኒያ የተባለች፣ ዋቅላሚን እያጣራች የምትመገብ ጥቃቅን የውኃ እንስሳ በሐይቁ በዛች፤ የውኃው ጥራትም ከስድስት ሜትር አለፈ። ዳፍኒያን የሚበላት ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ቀደም ብሎ በዓሣ ተበልቶ ቀንሶ ነበር፤ ምግብ ማጣሪያ አካሏን የሚያደናቅፈው ክር መሰል ኦሲላቶሪያም ጠፍቶ ነበር። የፎስፎረሱ ስሌት ትክክል ቢሆንም የሐይቁን ታሪክ ሁሉ አልያዘም ማለት ነው።

ምክሩ የማይደርስባቸው ቦታዎች

ፍሳሹ ከሐይቁ ወጣ እንጂ ከምድር አልጠፋም። በማዕበል የሚናወጠው ጥልቅ ባሕር የተሻለ ተቀባይ ቢሆንም፣ ዌስት ፖይንት የተባለው ትልቁ ጣቢያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣራት ብቻ ያካሂድ ነበር። ይኸው ጣቢያ በ2017 በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ለቋል። የሐይቁ መዳን ለባሕሩ ዕዳ መሆኑን በታሪኩ ሲደሰቱ መርሳት አይገባም።

መፍትሔውንም እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት አይቻልም። የዋሺንግተን ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ የተበከለው ለጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ብቻ ነው፤ ከሲዳር ወንዝ የሚገባው ንጹሕ ውኃም የሐይቁን ውኃ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ይለውጠዋል። በሚኒሶታ የሚገኘው ጥልቀት የሌለው የሻጋዋ ሐይቅ በ1970ዎቹ ፎስፎረስ እንዲቀነስለት ቢደረግም፣ በደለሉ ውስጥ የተከማቸው ፎስፎረስ እየተለቀቀ ማገገሙን አዘግይቶታል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የገባው ፎስፎረስ ታጥቦ የሚሄድበት በር የለም ማለት ነው። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ፣ የከተማዋን አስተዳደር ወሰን አልፎ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ላዩ ያለው ከተማና ታች ያለው አትክልት አልሚ ገበሬ በተለያዩ አስተዳደሮች ሥር ናቸው። ለሲያትል ኮሚቴ የቀረበለት የወሰን ችግር እዚህም አለ፤ ኬሚስትሪው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በፋብሪካ ፍሳሽ በኩል የሚመጡት ብረታ ብረቶች ለምሳሌ እንደ ፎስፎረስ አይታሰቡም።

ኤድመንድሰን በ1955 ኦሲላቶሪያን ሲያገኙ፣ ሐይቁ መለወጡን ማወቅ የቻሉት የሚያወዳድሩት ነገር ስለነበራቸው ነው። በ1933 እና በ1950 የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የሐይቁን ኦክስጅን፣ ንጥረ ምግብና ፕላንክተን ለክተው መዝግበው ነበር። በ1933 ስለ ሐይቁ የሚጠይቅ ኮሚቴ አልነበረም። ሴኪ ዲስክ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳና የተለካ ገመድ ብቻ ነው፤ በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር የሚማር ተማሪ በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ቢያወርደውና ቢመዘግብ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚቋቋም አማካሪ ኮሚቴ የሚፈልገውን የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ያገኛል።