የመኪና አደጋ ምስክርነት ቃል አጻጻፍ

ባለፈው ትምህርት ተራኪ ድርሰት ምን እንደሆነ ተመልክታችኋል። የምስክርነት ቃልም የዚያው ወገን ነው፤ ነገር ግን በእርሱ የተነሣ ሰው ሊታሰር ወይም ካሣ ሊያጣ ይችላል።

ከመገናኛ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ የሚወስደው መንገድ በሾላ ገበያ በኩል ያልፋል። ገበያው በደራ ጊዜ ተሸካሚው፣ ሸማቹና ታክሲው እዚያ ይጋፋሉ። በዚህ ሥፍራ በርበሬ ልትገዛ የወጣች አንዲት ሴት በሚኒባስ ታክሲ ተገጭታ ወደቀች እንበል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪም ከጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነበር።

ከቃሉ በፊት ሥራው ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ሰው «ኡኡ» እያለ ይሰበሰብና የተጎዳውን በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ ወደ መኪና ይጭነዋል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው በዚህ አያያዝ ሽባ ሊሆን ይችላል። ይልቅስ ሌላ መኪና እንዳይደርስባት ተሽከርካሪዎችን ማስቆም፣ የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፣ ውሃ አለማጠጣት፣ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ፣ በ991 ፖሊስን መጥራት ይገባል። አምቡላንስ ዘግይቶ በታክሲ መውሰድ ግድ ቢሆን፣ ራሷ፣ አንገቷና ወገቧ በብዙ እጅ ተደግፈው ባንድነት ይነሡ።

ሹፌሩ ቢደነግጥ እንኳ ጥሎ መሄድ አይገባውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን እስኪያነሣም መኪናው ከቆመበት ባይንቀሳቀስ ይመረጣል፤ የፍሬን ምልክትና የመስተዋት ስባሪ አስፋልት ላይ የተጻፉ ምስክሮች ናቸውና።

ወደ ድርሰታችን እንመለስ። ተማሪው መጀመሪያ እንዲህ ጻፈ፦

«ሹፌሩ እንደ ዕብድ እየበረረ መጥቶ፣ ምስኪኗን ሴት መንገድ ስላቋረጠች ገጫት።»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ሹፌሩንም ሴቲቱንም በድሏል። «እንደ ዕብድ» የሚለው ንጽጽር ለልብ ወለድ ይስማማ ይሆናል እንጂ ፍጥነትን አይለካም። የባሰችው ግን «ስላቋረጠች» ናት። «ስለ» ምክንያትን ታመለክታለች። «ሲ» ግን (ከ«ታቋርጥ» ጋር ስትጫፈር «ስታቋርጥ» ትሆናለች) ጊዜን ብቻ ታመለክታለች። «ስታቋርጥ ተገጨች» ያለ ሰው የሆነውን ተናገረ፤ «ስላቋረጠች ተገጨች» ያለ ግን ፈረደ። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2086 የመኪና ባለቤት «ጥፋት የለብኝም» በማለት ብቻ ከካሣ እንደማይድን፣ ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ግን በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ እንደሚወጣ ይደነግጋል። እንግዲህ የሴቲቱ የሕክምና ወጪና የልጆቿ እንጀራ በዚች በ«ስለ» ላይ ሊንጠለጠል ነው።

ተማሪው «ሲገጫት በዐይንህ አይተሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰቀለ ሸሚዝ ይመለከት እንደነበር አመነ። ስለዚህ ቃሉን እንደገና ጻፈው፦

«ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊቴን ወደ ጨርቅ ሱቁ አዙሬ ቆሜ ነበር። የፍሬን ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት ሴት ከታክሲው ፊት ወድቃ አየሁ። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ያህል ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ደም የሚፈሰውን እጇን በነጠላዋ ያዘላት። ሲገጫት አላየሁም።»

የመጨረሻዪቱ ዓረፍተ ነገር ጽሑፉን ያዳከመች ትመስላለች። ነገር ግን ከእርሷ በላይ ያሉትን አምስቱን የምታስታምን እርሷው ናት። መርማሪ «ሰማሁ»ን ከ«አየሁ» ለይቶ ይመዝናል። «ሰዎች እንዳሉት» የሚል ሐረግ ቢያስፈልግም የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ይጨመርበት።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ጊዜን የሚያመለክተው የትኛው ነው? ምክንያትንስ የሚያመለክተው? በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጥፋተኛ የሚመስለው ማን ነው?
ሀ/ ልጁ ኳሱን ሲከተል ተገጨ።
ለ/ ልጁ ኳሱን ስለተከተለ ተገጨ።

2. ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በመንገድ ላይ ያያችሁትን አንድ ነገር ከ8 በማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም ያያችሁትን በአንድ መሥመር፣ የሰማችሁትን በሁለት መሥመር አስምሩበት፤ የመሰላችሁን ሰርዙት።