ዘሎ የሚወጣው መስኮት

ከጉና ተራራ ሥር የሚኖር ገበሬ ድንቹን ወደ ደብረ ታቦር ከመጫኑ በፊት የገበያውን ዋጋ በስልኩ ይፈልጋል እንበል። ድንገት ሌላ ገጽ ዘሎ ይወጣል። «ሽልማት ደርሶሃል፤ የቴሌብር ምስጢር ቁጥርህን ጻፍ» ይለዋል። ይህ ምንድን ነው?

ይህ ብቅ-ባይ መስኮት ይባላል። በመጀመሪያ የወጣው ለማስታወቂያ ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ኢታን ዙከርማን ሰውን ስላስቸገረበት እ.ኤ.አ. በ2014 ይቅርታ ጠይቋል።

የኢንተርኔት ገጽ የሚከፍትልን ፕሮግራም አሳሽ ይባላል። ክሮም አንዱ ነው። አሳሽ እንደ ደጅ ጠባቂ ነው። ሳንነካው የሚዘለውን መስኮት ያግዳል፤ ማገዱንም ይነግረናል። እኛ «ሁልጊዜ አሳይ» ካልነው ግን የዚያን ገጽ ስም መዝግቦ ያስቀምጣል። ስልኩን አጥፍተን ብናበራውም አይረሳም። ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቀን ያስገባዋል።

የሰጠነውን ፈቃድ መሻር እንችላለን። በክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች እንነካለን። «ቅንብሮች» ከዚያም «የጣቢያ ቅንብሮች» የሚለውን እንከፍታለን። ስለ ብቅ-ባዮች በሚናገረው ሥር የፈቀድንላቸው ገጾች ስም ተጽፎ እናገኛለን። የማናውቀውን እናግዳለን።

ጠባቂው ግን ሁሉን አይይዝም። አንዳንዱ ማታለያ እዚያው ገጹ ላይ የተሣለ ነው። ያን ጊዜ ገጹን እንዝጋ። ምስጢር ቁጥራችንን ለማንም አንስጥ።

ድሮ ፊደል ሳናውቅ ባላነበብነው ወረቀት ላይ አውራ ጣታችንን እናትም ነበር። ሳያነቡ «ፍቀድ» ማለትም ያው ነው። ዛሬ ማንበብ ችለናል። እንግዲያው አንብበን እንንካ።

ጥያቄዎች
1. አሳሽ ምን መዝግቦ ያስቀምጣል?
2. የሰጠነውን ፈቃድ እንዴት እንሽራለን?