የጨርቅ ዳይፐር እና የሕፃናት ማቆያ፦ አብረው ይሄዳሉ?



የዛሬው ትምህርት ከእናቶች በተደጋጋሚ በሚደርሰኝ ጥያቄ ላይ ነው። «ዶክተር፣ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው፤ ልጄን ማቆያ ላስገባ ነው። እቤት የጨርቅ ዳይፐር ነው የምጠቀመው። ማቆያው ግን ጨርቅ በሽታ ያመጣል፣ አንቀበልም አለኝ። እውነት ነው?»

አጭሩ መልስ፦ ጨርቁ በራሱ በሽታ አያመጣም። ችግር የሚያመጡት ቶሎ ያልተቀየረ ዳይፐር እና ያልታጠበ እጅ ናቸው። ይሄ ደግሞ ለጨርቁም ለሚጣለውም እኩል ይሠራል። ጨርቅ ስትመርጡ ግን ማቆያውም እናንተም ማሟላት ያለባችሁ ነገር አለ። አንድ በአንድ እንየው።

📌 ጥያቄው ለምን በዛ?

እኔ የምሠራበት ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክና የቢሮ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየሙም እዚያው አለ። ብዙዎቹ እናቶች ተቀጣሪዎች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች ገና በአራትና በአምስት ወራቸው ማቆያ ይገባሉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ወዲህ ደግሞ በየቢሮው ማቆያ ማየት እየተለመደ መጥቷል።

በዚህ ላይ የዳይፐር ዋጋ አለ። ዋጋው ሲከብድ ብዙ ቤት የሚደረገው ምንድን ነው? አንዱን ዳይፐር «ገና አልሞላም» እያሉ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ማቆየት። ለልጁ ቆዳ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ውድ ሆኖ ስድስት ሰዓት ከሚቆይ ዳይፐር፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚቀየር ንጹሕ የሽንት ጨርቅ በብዙ ይሻላል።

📌 ቆዳው የሚላጠው እንዴት ነው?

ሽንት ብቻውን ቆዳን ቶሎ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው እርጥበቱ ቆዳውን ሲያለሰልሰው፣ ሽንትና ካካ ደግሞ አንድ ላይ ሲቆዩ ነው። በካካ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። አሞኒያው የቆዳውን ተፈጥሯዊ አሲድነት ያጠፋል። ያኔ ምግብ ለመፍጨት የተፈጠሩት በካካ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ሥራቸውን በልጁ ቆዳ ላይ ይጀምራሉ። መቅላቱና መላጡ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚጣለው ዳይፐር ውስጡ ሽንትን መጥጦ ወደ ጄል የሚቀይር ነገር ስላለው ቆዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ደረቅ ያደርጋል። ጨርቅ ይሄ የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ያም ሆኖ የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ግምገማ፣ የሚጣል ዳይፐር ሽፍታን ይከላከላል ወይም አይከላከልም ለማለት የሚያበቃ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ጨርቅ የምትጠቀም እናት ልጇን እየጎዳች እንደሆነ ሊሰማት አይገባም።

📌 የማቆያው ስጋት ግን ባዶ አይደለም

ማቆያ ውስጥ ብዙ ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ይድሃሉ፣ አንዱ የነከሰውን መጫወቻ ሌላው ይነክሳል። ሮታ ቫይረስ፣ ሽጌላ፣ ጃርዲያ እና ሄፓታይተስ ኤ ሁሉም ከካካ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚተላለፉ ናቸው። ሞግዚቷ ጨርቁን እዚያው ባፋ ላይ ብታራግፍ ወይም ብታለቀልቅ ቧንቧው፣ እጇና ልብሷ ይበከላሉ፤ ቀጥሎ የምታነሳው ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

መፍትሔው ጨርቁን መከልከል ሳይሆን እዚያ አለማጠብ ነው። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ተሳትፎ የተዘጋጀው የማቆያዎች መመሪያም የጨርቅ ዳይፐርን ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው፦ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይኑረው፣ ጨርቁና ሽፋኑ አብረው ይቀየሩ፣ ማቆያው ውስጥ አይራገፍ፣ አይታጠብ።

📌 ማቆያ ውስጥ መደረግ ያለበት

1. በየሁለት ሰዓቱ ይታይ፤ ከረጠበ ይቀየር። ካካ ካለ ደግሞ ወዲያው።
2. የቆሸሸው ጨርቅ ከነሽፋኑ ተጠቅልሎ፣ የልጁ ስም በተጻፈበት ውሃ የማያሳልፍ ዚፕ ያለው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ቦርሳው ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ማታ ወደ ቤት ይሂድ።
3. ልጁ በንጹሕ ውሃና በጥጥ ወይም በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ነው የምትጠረገው።
4. መቀየሪያው ላይ ያለው ላስቲክ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በሳሙና ይጽዳ፤ ከዚያ በተበረዘ በረኪና ይወልወል። በረኪናው 5 በመቶ የሆነው ዓይነት ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩ ለ1 ሊትር ውሃ ይበቃል።
5. የሞግዚቷም የልጁም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጓንት ብታደርግም ታጥባለች። ሳኒታይዘር የቆሸሸ እጅ አያጸዳም።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ አምስተኛውን እመርጣለሁ። በማቆያዎችና በትምህርት ቤቶች የተሠሩ ጥናቶች እጅ መታጠብን ማስተማር የተቅማጥን ክስተት በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

📌 ስንት ጨርቅ ያስፈልጋል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ልጁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ማቆያ ከዋለ፣ በየሁለት ሰዓቱ ሲቀየር 5 ጨርቅ ይፈልጋል። 2 መጠባበቂያ ጨምሩና 7 ላኩ። ለማታና ለሌሊት ሌላ 5 ያህል ያስፈልጋል። በቀን 12 ማለት ነው። የሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነና በየሁለት ቀኑ ብቻ ማጠብ ከቻላችሁ 24 ሊኖራችሁ ይገባል፤ በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ትንሽ ጨምሩበት። ይህን ያህል ከሌላችሁ ደግሞ ማቆያ ሲውል የሚጣለውን፣ እቤት ጨርቁን መጠቀም ትችላላችሁ።

ለማቆያ በማጣበቂያ ወይም በቁልፍ የሚዘጋው ይሻላል። መርፌ ቁልፍ አትላኩ፤ ልጁንም ሞግዚቷንም ሊወጋ ይችላል።

📌 እቤት ሲታጠብ

• ካካውን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፉ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ይይዛል።
• ቀጥሎ በዱቄት ሳሙና በሙቅ ውሃ እጠቡ። ማሽን ካላችሁ 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። የሞቀውን ባልዲ ልጅ በሚድህበት ቦታ አታስቀምጡ።
• ሳሙናው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ራሱ ቆዳ ያስቆጣል።
• ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አትድፉ! በረኪና ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በተለይ በጠባብ መታጠቢያ ቤት አደገኛ ነው።
• የልብስ ማለስለሻ አትጠቀሙ፤ ጨርቁ ሽንት መምጠጡን ይቀንሳል።
• በደንብ ይድረቅ። ፀሐይ ከጠፋ ተኩሱት። እርጥበት የቀረው ጨርቅ ለፈንገስ ምቹ ነው።

📌 ቀልቶ ወይም ተላጦ ከሆነስ?

ቀይ ሆኖ ነገር ግን የብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ካልገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእርጥበት ሽፍታ ነው። ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ ያለ ዳይፐር ማናፈስ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በደንብ መቀባት ይበቃዋል። ቅባቱን ለሞግዚቷም ላኩላት።

እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነና ዙሪያውን ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ካሉት ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ልጁ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከሆነ። ይሄ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል።

⚠️ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸውን ቅባቶች ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትቀቡ። ቀዩ ቶሎ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ፈንገሱንም ያባብሳሉ። ፓውደርም ይቅር፤ ብናኙ ወደ ልጁ ሳንባ ይገባል።

ከ3 ቀን በላይ ካልተሻለው፣ ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ከደማ ወይም ትኩሳት ካለው ሐኪም ይየው።

📌 ተቅማጥ ሲይዘው

ተቅማጥ ያለበት ልጅ ማቆያ አይሂድ። ሕክምናው ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ነው፤ ጡትም አይቋረጥ። በእነዚያ ቀናት የሚጣል ዳይፐር ብትጠቀሙ ሥራ ይቀልላችኋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚጣለው ሽንትን ስለሚመጥ ልጁ መሽናቱን ማወቅ ያስቸግራል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ አፉ ከደረቀ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሮታ ክትባቱንም በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት መውሰዱን ካርዱ ላይ አረጋግጡ።

📌 ማቆያውን እንዴት ላሳምን?

በክርክር አትጀምሩ። ብዙ ልጅ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ድካማቸውም ይገባል። እንዲህ በሏቸው፦ «እህቴ፣ እናንተ ምንም አታጥቡም፣ አታራግፉም። እንደሚጣለው አውልቃችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱልኝ፤ ማታ እወስደዋለሁ። ለአንድ ሳምንት እንሞክረው።» አንዱን ይዛችሁ ሂዱና አለባበሱን አሳዩአቸው።

ማቆያ ስትመርጡም «ጨርቅ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «በስንት ሰዓት ነው የምትቀይሩት? ከቀየራችሁ በኋላ የት ነው የምትታጠቡት?» በሉ። መቀየሪያው አጠገብ ውሃና ሳሙና ከሌለ፣ የሚጣለውን ብቻ የሚቀበል ማቆያም ቢሆን ልጃችሁን ከተቅማጥ አይጠብቀውም።

ልጅ ማቆያ ለምታስገባ እህት ወይም ጓደኛ ሼር አድርጉላት። አባቶችም አንብቡት፤ ጨርቁን ማጠብ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም።

ጤናችሁ ይብዛ!