ለዐቢይ ጾም የሚደርስ ጓሮ በመጸው ይጀመራል

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችንና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በብዙ አጥቢያዎች የጓሮ አትክልት ሥራ የሚታወሰው ክረምት ሲገባ ነው። ዘር ይከፋፈላል፣ ችግኝ ይታደላል፣ ዝናሙም ድካማችንን ይሸፍናል። ጥር ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ልምላሜ ደርቆ በጓሮው የሚቀረው አጥሩ ብቻ ይሆናል። ምእመናን አትክልትን አብዝተው የሚሹበት ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚገባው በዚሁ ደረቅ ወራት፣ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእነዚያ 55 ቀናት አትክልትን ከገበያ መግዛት ለድሀ ቤተሰብ እንዴት እንደሚከብድ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ስለዚህ ከጾሙ ተነሥተን ዘመኑን ወደ ኋላ እንቁጠር። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን ክረምት፣ መጸው፣ ሐጋይና ጸደይ ብላ በአራት ትከፍላለች። ለጓሮ ሠራተኛ ከሁሉ የሚበልጠው መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። በዚያው ዕለት ዘመነ ጽጌ ይጀመራል፤ ምድሩ ገና እርጥበት አለው፣ ፀሐይም ተመልሳለች። በጓሮ ለመቀመጥም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ወራት አላውቅም፤ ጠዋት በጤና አዳሙና በበሶብላው መካከል ቆሞ ሥራ የሚጠላ ሰው ቢኖር ይደንቀኛል።

የቀይ ሽንኩርት ዘር በመስከረም መጨረሻ በችግኝ መደብ ይዘራል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሚፈልግ በመጋቢት ይደርሳል። ካሮት ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም በጥቅምት መጨረሻ በቦታው ይዘራ፤ ቀይ ሥርም በዚያው ሰሞን። ቆስጣ ግን ሁለት ወር ያህል ይበቃዋል። በኅዳር አጋማሽ የተዘራው፣ የውጭ ቅጠሉ ብቻ እየተቀነጠሰ ልቡ ከተተወለት፣ ለብዙ ሳምንታት ይመገቡታል። ሁሉን በአንድ ቀን ከመዝራት ይልቅ በየ15 ቀኑ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል። በደጋ ያላችሁ ድንችና ቲማቲም ለዚህ ወራት አትምረጡ፤ ውርጭ ያቃጥላቸዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመደቡ ቅርጽ ነው። በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት መደቡ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ በሐጋይ ግን ተገልብጦ ጎድጎድ ማለት፣ ዙሪያውም በትንሽ እርከን መከበብ አለበት። የክረምቱን ከፍ ያለ መደብ በጥር የሚያጠጣ ሰው ውኃውን ለመተላለፊያው ይሰጣል።

ውኃውን እናስላው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ በደረቅ ወራት በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያህል ይፈልጋል። ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ይህን በየቀኑ ጨምራ እንድትሸከም መጠየቅ አግባብ አይመስለኝም። ሣር ወይም ገለባ መጎዝጎዝ ትነቱን ይቀንሳል፤ ማጠጣት ደግሞ በማለዳ ወይም በምሽት ይሁን። እህልና አትክልት የታጠበበት ውኃ ሳይደፋ ለመደቡ ይዋል። በረኪና የነካው ግን አይጠጣ፤ የልብስ እጣቢም በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ አይፍሰስ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ውኃ የማይበቃው ቤት አንድ መደብ ብቻ ይያዝ። አንድ የለመለመ መደብ ከአራት የጠወለጉ ይመረጣል።

ኮምፖስት የሚዘጋጀውም በመስከረምና በጥቅምት፣ አረሙ ለምለም ሳለ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ነው። አረሙ ከደረቅ ገለባ፣ ከፍግና ከጥቂት አመድ ጋር በንብርብር ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በየጊዜው ከተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይበስላል። በሐጋይ በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ ሲታይ ደግሞ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድና የቀረውን በውኃ ማጠብ ይቅደም፤ መርጨት ከመጣ በኋላ መመለስ ያስቸግራል።

ሪፖርቶቻችን የሚቆጥሩት የታደለ ችግኝ ነው። ጉባኤያችሁ ግን በየካቲት በየቤቱ ዞሮ ስንት መደብ ለምለም እንደሆነ ይቁጠር፤ የመጪው ዓመት ዘር የሚሰጠው በዚህ ቆጠራ መሠረት ይሁን። በዚያ ጉብኝት ጠንካራ የሐበሻ ጎመን የተገኘበት ቤት ከሁሉ የሚበልጡትን ሁለት ሦስት እግር ሳይቀነጥስ እንዲያስቀር አደራ በሉት። ያብባሉ፣ ዘርም ይይዛሉ፤ ዘሩ በደንብ ደርቆ በጨርቅ ከረጢት ከተቀመጠ ለጎረቤትም ይተርፋል።