ለጣሳ ተክል የሚሆን አፈር

እናቴ በዘይት ጣሳ የተከለችው ጤና አዳም አምና ቢጫ ሆነባት። "ውኃ አንሶት ነው" ብላ ጨመረችለት፤ ጭራሽ ባሰበት። ነቅለን ስናየው ሥሩ በስብሷል። አፈሩ ከግቢያችን የተቆፈረ ዋልካ ነበር። ዋልካ ሸክላው ስለሚበዛ ሲረጥብ ያብጥና አየር ይዘጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ ጤፍ ያበቅላል፣ ለጣሳ ግን አይሆንም።

በችግኝ ጣቢያ የተለመደው ልኬት 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ጣል ማድረግ ብዙም አይፈይድም፤ ቀይ አፈር ፈልጎ ማምጣት ይሻላል። በኮምፖስቱ ፈንታ ፍግ ከሆነ በደንብ የብላላ ይሁን፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ድብልቁን አርጥባችሁ ጨብጡት። ሲነኩት ከተፈረፈረ ደርሷል፤ እንደ ጭቃ ከተድቦለቦለ ኮምፖስትና አሸዋ ይጨመርበት። ጣሳው ከታች ይበሳ፤ የእኛው አንድም ቀዳዳ አልነበረውም!